«አትንኩት» ለሚሉን ጸሐፊ፦ ድርሻ የሚመዘነው በቤት ሚዛን ነው

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ታትሞ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ጽሑፍ አምጥቶ አስነበበኝ። በጀማሪ ኩባንያ ውስጥ ገንዘብ ያስገባ ሰው ድርሻውን መቼ ወደ ጥሬ ገንዘብ መለወጥ እንዳለበት የሚመክር ጽሑፍ ነው። ምክሩ ሲጠቃለል እንዲህ ይላል፦ ኩባንያው እስኪጎለምስ ድርሻችሁን አትንኩት፤ ቀድሞ የሸጠ ሁሉ ተጸጽቷል። መንካት ግድ ከሆነባችሁ ዋጋው እጥፍ ሲሆን ዋናችሁን አውጡ፤ የቀረው ነጻ ገንዘብ ነው። መሥራቾቹ ገና እየደከሙ ከፊሉን መሸጥ ክህደት ነው። አሁን ደግሞ የአክሲዮን ገበያ ስለተከፈተ መታገሥ ይበልጥ ያዋጣል። ጸሐፊው በመግቢያቸው ላይ በሦስት አገሮች በሚገኙ ዘጠኝ ኩባንያዎች ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው ገልጸዋል። ይህችን መስመር አንባቢ ልብ ይበላት፤ እመለስባታለሁ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በ2012 ዓ.ም. ሦስት ወጣቶች ከጫጫና ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ገበሬዎች የሚሰበሰበውን ወተት በስልክ መዝግቦ የእያንዳንዱን ገበሬ ሒሳብ የሚያወጣ ሥርዓት ሲጀምሩ 150,000 ብር ሰጥቼ ባለድርሻ ሆንኩ። ለቤት ግንባታ ያሰብኩት የዕቁብ ገንዘብ ነበር። ዛሬ በከተማችን መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ የመሬት ካሳ የተቀበሉ አባወራዎች ሳይቀሩ ገንዘባቸውን በእንዲህ ያሉ ወጣት ኩባንያዎች ውስጥ ያስገባሉ። ደብረ ብርሃን ለአክሲዮን እንግዳ አይደለችም፤ ሐበሻ ቢራ በሺዎች በሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች መዋጮ ተጀምሮ ፋብሪካውን የተከለው እዚሁ ነው። ለእነዚህ ሰዎች «አትንኩት» የሚለው ምክር ሲደርሳቸው ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጸሐፊው የሚጀምሩት በሮናልድ ዌይን ነው። ዌይን እ.ኤ.አ. በ1976 ከስቲቭ ጆብስና ከስቲቭ ዎዝንያክ ጋር አፕልን ሲመሠርት 10 በመቶ ድርሻ ነበረው፤ በ12 ቀን ውስጥ ለቅቆ ወጣና ለድርሻው 800 ዶላር ተቀበለ። ያ 10 በመቶ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ አስልቶ አንባቢን ማስደንገጥ ቀላል ነው። ዌይን ለምን እንደወጣ ግን ጸሐፊው አልነገሩንም። አፕል ያን ጊዜ የሽርክና ማኅበር ነበር፤ በሽርክና እያንዳንዱ ሸሪክ ለማኅበሩ ዕዳ በግል ንብረቱ ይጠየቃል። ማኅበሩ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ለመሥራት ዕቃ በዱቤ ሊወስድ ነበር። ሁለቱ ወጣቶች አበዳሪ የሚወስድባቸው ንብረት አልነበራቸውም፤ የ41 ዓመቱ ዌይን ግን ነበረው። ሥራው ቢከሽፍ የሚንኳኳው የእርሱ በር ነበር። በኋላም ባወቀው ልክ እንደወሰነና እንደማይጸጸት ደጋግሞ ተናግሯል። እዚህ ታሪክ ውስጥ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ሦስት ሰዎች አንድ ማኅበር ይዘው ሸክሙ ግን ለየቤታቸው የተለያየ ነበር። ደግሞም ዌይን ሁሉንም ነው የሸጠው፤ እኛ የምንነጋገረው ስለ ከፊሉ ነው።

ከፊሉን መሸጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ይሻላል። ናስፐርስ እ.ኤ.አ. በ2001 በቻይናው የኢንተርኔት ኩባንያ በቴንሰንት ላይ 32 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ድርሻ ያዘ። አሥራ ሰባት ዓመት አልሸጠውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከኩባንያው 2 በመቶ ብቻ ሸጦ 9.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አገኘ፤ በ2021 ሌላ 2 በመቶ ሸጦ 14.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጨመረ። ጸሐፊው የአሥራ ሰባት ዓመቱን ትዕግሥት ለክርክራቸው ሊወስዱት ይችላሉ። ይውሰዱት። ነገር ግን ናስፐርስ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የሚተዳደርበት የጋዜጣና የክፍያ ቴሌቪዥን ሥራ ነበረው። እንጀራው በቴንሰንት ላይ አልተንጠለጠለም፤ መጠበቅ የቻለውም ስለዚህ ነው። በሸጠ ጊዜም ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኞቹን ሥራዎች እንደሚያጠናክርበት አስቀድሞ ተናግሯል።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ሰው የሚወድደው ነው፦ ዋጋው እጥፍ ሲሆን ግማሹን ሸጠህ ዋናህን አውጣ፣ የቀረው ነጻ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜበት ነበር። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ተቀምጬ ሳልሠራው በመቆየቴ ዛሬ ይቆጨኛል።

በመጀመሪያ፣ እጥፍ የሚባለው በምን ሲለካ ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተፈቀደ ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ከ130 ብር አልፏል። በዚህ መካከል በብር እጥፍ የሆነ ድርሻ በዶላር ሲለካ ወደ ኋላ የሄደ ድርሻ ነው። እኛ ቤት የምንሠራው በዶላር አይደለም የሚል ይኖራል። ብረቱ፣ ቆርቆሮው፣ የሲሚንቶ መኪናው ነዳጅ በምን እንደሚመጣ ያስብ።

ቀጥሎ ግብር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከአክሲዮን ሽያጭ በሚገኝ ትርፍ ላይ 30 በመቶ ግብር ጥሏል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ሻጭ በሚሸጥበት ቀን የሚሠራበትን መጣኔ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፤ ለስሌቱ ግን በ30 ልያዘው። አንድ ሰው 100,000 ብር አስገብቶ ድርሻው 200,000 ብር ሆነለት እንበል። በምክሩ መሠረት ግማሹን በ100,000 ብር ይሸጣል። የሸጠው ግማሽ የተገዛው በ50,000 ብር ነበርና 50,000 ብር ትርፍ ተገኝቷል፤ ግብሩ 15,000 ብር ነው። እጁ የሚገባው 85,000 ብር ነው። ዋናው አልተመለሰም። ዋናውን በሙሉ ላውጣ ቢል ከድርሻው 59 በመቶ ያህሉን መሸጥ ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ የውል ማረጋገጫውን ወጪና የደላላውን ድርሻ ሳንቆጥር ነው። «ግማሹን ሸጠህ ዋናህን አውጣ» የሚለው ምክር በኢትዮጵያ ግብር ሥር በቁጥር አይቆምም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ነጻ ገንዘብ» የሚለው አባባል ነው። ገንዘቡ ዋጋው እስካለ ድረስ የእኔ ነው፤ ከጠፋም የጠፋው ከእኔ ቤት ነው። የመንዝ ገበሬ እናት በጉ የወለደቻትን ግልገል «ከኪሴ አላወጣሁባትም» ብሎ ለቀበሮ አይተዋትም። ሰው አንዴ ነጻ ነው ብሎ ከሰየመው ነገር ላይ ዓይኑን ያነሣል፤ የኩባንያውን የሒሳብ መግለጫ መጠየቅ ያቆማል፤ ጉባኤ ሲጠራ ይቀራል። በዓመታዊ ጉባኤ ላይ ወንበራቸው ባዶ የሚሆነው ባብዛኛው ዋናቸውን ያወጡ ሰዎች እንደሆኑ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደዚያች መስመር ልመለስ። በሦስት አገሮች ዘጠኝ ኩባንያዎች። ጸሐፊው ከዘጠኙ አንዱ ቢወድቅባቸው ስምንት ይቀራቸዋል፤ አንዱ አገር ቢታወክ ሁለት ይቀሯቸዋል። ለእርሳቸው «አትንኩት» ትክክለኛ ምክር ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አልከራከራቸውም። ምክሩ ግን ለደብረ ብርሃን ሰው ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል።

የእኔን ቤት ልዘርዝር። ደመወዜን የሚከፍለኝ ዩኒየን እህል የሚያወጣው በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ነው። የጀመርኩት ቤት ያለው በዚችው ከተማ ነው። ባለቤቴ የምትነግድበት ሱቅ ዕቃ የሚመጣለት በዚያው መንገድ ነው። ኩባንያችንም ወተት የሚሰበስበው ከዚሁ ዙሪያ ነው፤ ገዢዎቹም ያሉት 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በዚያው መንገድ ጫፍ ነው። በወረቀት ላይ አራት የገቢ ምንጭ አለኝ፤ በእውነቱ ግን አራቱም አንድ አስፋልት ላይ ተቀምጠዋል። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ አዲስ አበባ ወረደች፤ ሱቁ ተዘጋ፤ የቤቱ ግንብ መስኮት ሥር ላይ ቆመ፤ ወተት የሚያመጡ ሰዎችም ተበተኑ። ሁሉም በአንድ ሳምንት።

ሰላም ሆነ ብለን ተነፈስን። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ገዢ መጣ። ከቀደምት ባለድርሻዎች መግዛት ፈለገ፤ ዋጋውም እኔ ካስገባሁት አራት እጥፍ ነበር። ድርሻዬ በአንድ ቀን የ600,000 ብር ሆነ፤ ከአምስት ዓመት ደመወዜ ይበልጣል። ቤት ውስጥ ካለን ነገር ሁሉ፣ ካላለቀው ቤት ጭምር፣ ትልቁ እርሱ ሆነ። ባለቤቴ «ሲሶውን እንሽጥ» አለች። ሲሶው 200,000 ብር ነው፤ ግብሩ ሲነሣለት 155,000 ብር ይቀራል። ያስገባነው ከነትርፉ ተመልሶ ሁለት ሦስተኛው ድርሻ ደግሞ በእጃችን ይቆይ ነበር። እኔ እንቢ አልኩ። አራት እጥፍ የሆነ ነገር ስምንት እጥፍ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ ሲበረታ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ዳታም ተቋረጠ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። ወተትን በስልክ የሚመዘግብ ኩባንያ ያለ ዳታ ምን ይሆናል? ልጆቹ በጥበባቸው ሥራውን ወደ አጭር የጽሑፍ መልእክትና ወደ ደብተር መልሰው ኩባንያውን ከሞት አተረፉት፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። መንገዱ ሲዘጋ ግን ወተቱ የሚሄድበት አልነበረም። ያ ገዢ ስልክ ስደውልለት አላነሣም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ደርሶብኛል።

ይህን የምናገረው ዋጋው ስለወደቀ አይደለም። ዋጋው እንደገና ወጥቶ ቢሆን ኖሮም ውሳኔዬ ስሕተት ነበር። ስሕተቱ የተሠራው በጥር ነው፤ ሐምሌ ያመጣው ሒሳቡን ብቻ ነው። የድርሻው ዋጋ መቼ ጫፍ እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። በአፍሪካ አገሮች በኢንተርኔት ዕቃ የሚሸጠውን ጁሚያን እንይ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ በ14.50 ዶላር ጀመረ፤ በቀናት ውስጥ ከ40 ዶላር አለፈ፤ በዓመቱ ከ3 ዶላር በታች ወረደ፤ በ2021 መጀመሪያ ከ60 ዶላር በላይ ወጣ፤ በ2023 እንደገና ከ3 ዶላር በታች ሆነ። ከመሥራቾቹ ጋር የነበሩት ትልልቆቹ ባለድርሻዎች፣ ሮኬት ኢንተርኔትና ኤም.ቲ.ኤን.፣ ሽያጫቸውን የጨረሱት በ2020 ከትልቁ ዝላይ በፊት ነው። ቢሮ ሙሉ ባለሙያ ያላቸው ጫፉን ካላገኙት እኔ ከወተት ማሰባሰቢያ ጣቢያ ሆኜ አላገኘውም። የራሴን ቤት ሸክም ግን አውቀዋለሁ። የማውቀውን መመዘኛ ትቼ በማላውቀው ለምን እመዝናለሁ?

ሦስተኛው ነጥብ፣ ከፊሉን መሸጥ ክህደት ነው የሚለው፣ በከፊል እውነት ስላለበት ቆም ልበልበት። አንድ ባለድርሻ ለሌላ ሰው ሲሸጥ ገንዘቡ ወደ ሻጩ ኪስ እንጂ ወደ ኩባንያው ካዝና አይገባም። ኩባንያው ለደመወዝ እየተቸገረ ባለበት ሰዓት አንድ ገዢ ቢመጣና የያዘው ገንዘብ ውስን ቢሆን፣ እኔ ቀድሜ ድርሻዬን ብሸጥለት ለኩባንያው የሚተርፈውን ወሰድኩበት ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ቅድሚያ ለኩባንያው ነው። ከዚህ ውጭ ግን ክህደት የሚለው ቃል ከባድ ነው። መሥራቾቹን አስቀድሞ ማናገር፣ መመሥረቻ ጽሑፉ የቅድሚያ ግዢ መብት ለአባላት ሰጥቶ ከሆነ መጀመሪያ ለእነርሱ ማቅረብ፣ ለምን እንደሚሸጡ በግልጽ መንገር ይቻላል። መሥራቹም ራሱ ጥቂት ሸጦ የቤት ኪራዩን ቢገላገል ደስ ይለኛል። የወር አስቤዛ የሚያስጨንቀው መሥራች የመጣለትን የመጀመሪያ ጠቅላይ ገዢ አቅፎ ኩባንያውን አሳልፎ ይሰጣል፤ ትንሽ የተነፈሰ ግን አምስት ዓመት ይጠብቃል። የሚያስደነግጠው ሻጭ ሙሉውን የሚሸጥ፣ በድብቅ የሚሸጥ፣ ከመጥፎ ዜና አንድ ሳምንት ቀድሞ የሚሸጥ ሰው ነው።

የአክሲዮን ገበያው ጉዳይ አጭር ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የመጀመሪያው የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የወተት መዝጋቢዎቹ ማኅበር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ አብዛኞቹ ወጣት ኩባንያዎቻችንም እንደዚያው ናቸው። የእንዲህ ያለ ማኅበር ድርሻ ለሕዝብ በገበያ አይሸጥም። ገዢ ሲገኝ የሌሎቹ አባላት ፈቃድ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ውልና ማስረጃ፣ የግብር ክሊራንስ፣ በማኅበሩ መዝገብ ላይ መመዝገብ አለ። ገበያው ተከፍቷልና ታገሡ ማለት አስፋልት አዲስ አበባ ገብቷልና መንዝ ጌራ ምድር ላይ በቅሎህን ሽጥ እንደማለት ነው።

ጸሐፊው በመጨረሻ የገባ ባለሀብት የከፈለውን ዋጋ የድርሻችሁ ዋጋ አድርጋችሁ ቁጠሩት ማለታቸውም አይዋጥልኝም። አዲሱ ባለሀብት ብዙ ጊዜ ልዩ መብት ይዞ ይገባል፤ ኩባንያው ቢሸጥ ወይም ቢፈርስ የእርሱ ገንዘብ ቀድሞ ይመለሳል። እኔ ያን መብት የለኝም። ስለዚህ በእርሱ ዋጋ የእኔን ድርሻ ማስላት አይቻልም። የቢሮ ቦታ የሚያከራየው የአሜሪካው ዊወርክ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በዚህ ዓይነት ስሌት 47 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ተብሎ ነበር፤ በኅዳር 2023 ከአበዳሪዎቹ ለመጠበቅ ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። ገዢ ያልቆመበት ዋጋ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

እንግዲህ መቼ ይሸጥ? መንዝ ውስጥ በግ የሚያረባ ሰው ሙክቱንና ወንድ ጠቦቱን ለፋሲካና ለአዲስ ዓመት ያወጣል፤ እናት በጎቹን ያቆያል። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ግጦሹ ሲያንስ ግን የገበያው ዋጋ ባይጥመውም መንጋውን ያሳንሳል። መጠኑን የሚወስንለት ሜዳው ነው። የኩባንያ ድርሻ ከዚህ የሚከፋበት አንድ ነገር አለ፤ በግ በየሳምንቱ ገበያ አለው፤ የድርሻ ገዢ ግን በሁለትና በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ይላል። ስለዚህ ውሳኔው ገዢው ከመምጣቱ በፊት ተወስኖ መቀመጥ አለበት። ገዢው ፊት ለፊት ተቀምጦ ቁጥር ሲጠራ የሚያስብ ሰው አላየሁም፤ እኔም አላሰብኩም።

እኔና ባለቤቴ አሁን በአንድ ገጽ ላይ ጽፈን ፈርመናል። ፊርማዋ ለጌጥ አይደለም፤ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ስለሆነ ሽያጩም የእርሷን ስምምነት ይፈልጋል፤ ሐሳቧም ከእኔ ሐሳብ ይሻል እንደነበር ታይቷል። የጻፍነው ይህ ነው፦ ድርሻው ከቤታችን ሀብት ከሲሶ በላይ ከሆነና እውነተኛ ገዢ ገንዘቡን ይዞ ከመጣ፣ ወደ ሩብ እስኪወርድ እንሸጣለን። ሲሶ የመረጥነው እኛ ነን፤ ልጆቹን ያደረሰ፣ ጡረታው የተረጋገጠ ሰው ግማሽ ሊል ይችላል። ሌላው ቤት ደግሞ ሩብም ይበዛበታል። ገንዘቡ የሚሄድበትም አስቀድሞ ተጽፏል፤ ምክንያቱም ብር ተቀብሎ ባንክ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ኪሳራ ነው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ በነበረበት በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። መድረሻ የሌለው ሽያጭ ባይሸጥ ይሻላል፤ በዚህ ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

ባለፈው ወር ሌላ ገዢ መጥቷል። ዋጋው ካስገባሁት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ የዚያኛውን ግማሽ እንኳ አይደርስም፤ ብሩም የዚያን ጊዜ ብር አይደለም። ወጣቶቹን አናገርናቸው፤ ለኩባንያው የሚያስፈልገውን አዲስ ገንዘብ ቀድመው ከገዢው ወስደዋል። ጽሑፉን ያመጣልኝ ወዳጄ «ትንሽ ብትጠብቅስ» ብሎኛል። ገጹን አውጥቼ አሳየሁት። ከድርሻችን ሩቡን ለመሸጥ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል፤ ቀጠሯችን ረቡዕ ጠዋት ውልና ማስረጃ ነው። ክረምቱ ሳይገባ መስኮት ሥር ላይ የቆመው ግንብ ይነሣል፤ ቆርቆሮውም ይመታል።